ለቅዳሜ የተቀጠረ ሥራ

«ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ ቁጭ እልና እጀምረዋለሁ።»

ይህን ያለችኝ የጎረቤቴ ልጅ ናት። ድሬዳዋ ሳቢያን አንድ ግቢ ውስጥ ነው የምንኖረው። ዘንድሮ ተመራቂ ናት። ሰኔ ላይ የመውጫ ፈተና ይጠብቃታል፣ የመመረቂያ ጽሑፏም ገና አልተነካም። መጀመሪያ የነገረችኝ ጥቅምት ላይ ነበር። ኅዳር ላይም ያንኑ አለችኝ። ከዚያ በኋላ መጠየቅ ተውኩ። ስጠይቃት ፊቷ ላይ የሚመጣውን ነገር ማየት ከበደኝ።

ታኅሣሥ ውስጥ አንዱን ቅዳሜ ቤት ዋልኩ። ያን «ቀኑን ሙሉ» በዓይኔ አየሁት። በጠዋት ተነስታ ግቢውን ጠረገች። ምንጣፍ አውጥታ አጠበች። የእናቷን ልብስ ጨምራ አጠበች። ከዚያ ቀፊራ ወርዳ አትክልት ገዝታ መጣች። ስትመለስ ፀሐዩ በርትቶ ስለነበር ጋደም አለች። ከሰዓት መብራት ጠፋ። ማታ ላይ የአራት ዓመት ሃንድአውቷን ከካርቶን አውጥታ በኮርስ በኮርስ ደረደረችው። አንዱንም አልገለጠችም።

ይህችን ልጅ ሰነፍ የሚላት ካለ ያን ቀን አላያትም። ከንጋት እስከ ምሽት እጇ ሥራ አልፈታም። ድካምን ብትሸሽ ኖሮ ምንጣፍ አታጥብም ነበር። እሱማ ከማንበብ ይከብዳል። እኔ እንደገባኝ ያ ካርቶን ሲከፈት የሚመጣ አንድ ስሜት አለ። «አራት ዓመት ተምሬ ምንም አላውቅም ማለት ነው?» የሚል ስሜት። የሸሸችው እሱን ነው።

ዛሬ ነገ ማለትን ብዙ ጊዜ የምናየው እንደ ጊዜ ችግር ነው። ፕሮግራም አውጣ፣ ሰዓትህን አክብር፣ በጊዜ ተነሳ እንላለን። ጉዳዩን ያጠኑ ሰዎች ግን ከአሥር ዓመት በላይ ሌላ ቦታ ላይ ሲቆፍሩ ቆይተዋል። ፉሺያ ሲሮይስ እና ቲሞቲ ፒቺል የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 እንደጻፉት፣ ሥራ የሚያጓትት ሰው አሁን ያለበትን ስሜት ለማስታገስ ሲል የነገውን ራሱን ያስከፍላል። ሥራው ፍርሃት፣ መሰልቸት ወይም ግራ መጋባት ያመጣል። ሥራው ዞር ሲል ስሜቱም ዞር ይላል። እፎይታው እውነተኛ ነው። ለዚህም ነው ልማድ የሚሆነው።

የዚያ እፎይታ ዋጋስ? ዳያን ታይስ እና ሮይ ባውማይስተር እ.ኤ.አ. በ1997 ባወጡት ጥናት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን በሴሚስተሩ ውስጥ ተከታትለዋል። መጀመሪያ ላይ ሥራቸውን የሚያጓትቱት ተማሪዎች ከሌሎቹ ያነሰ ጭንቀት ነበረባቸው። ሴሚስተሩ ሊያልቅ ሲል ነገሩ ተገለበጠ። ጭንቀታቸውም ሕመማቸውም ከሌሎቹ በለጠ፣ ውጤታቸውም ዝቅ አለ። ሲደማመር የከፈሉት ካተረፉት ይበልጣል። አባቶቻችን «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ያሉት ይህንኑ አይተው መሰለኝ።

ብቻችንን እንዳልሆንንም ማወቅ ደግ ነው። በካናዳ የካልጋሪ ዩኒቨርሲቲው ፒርስ ስቲል እ.ኤ.አ. በ2007 ከዚያ በፊት የተሠሩ ጥናቶችን አሰባስቦ ነበር። እዚያ ላይ በሰፈሩት ግምቶች መሠረት ከዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከ80 እስከ 95 ከመቶ የሚሆኑት በተወሰነ ደረጃ ሥራ ያጓትታሉ። ከአዋቂዎች ደግሞ ከ15 እስከ 20 ከመቶው ነገሩ ሥር የሰደደ ልማድ ሆኖባቸዋል። ስለዚህ ይህ የድሬ ልጆች አመል ወይም «የዘንድሮ ትውልድ» በሽታ አይደለም።

የዘንድሮ ትውልድ ግን አንድ የራሱ ሸክም አለው። እኛ ስንማር ኮርስ አለፍን ማለት ዲግሪው ተያዘ ማለት ነበር። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ግን የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂ ሁሉ የመውጫ ፈተና ይቀመጣል፣ ለማለፍም 50 ከመቶ ይፈለጋል። የ12ኛ ክፍሉንም እናውቀዋለን። ፈተናው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 የትምህርት ዘመን 3.3 ከመቶ፣ በ2015 ደግሞ 3.2 ከመቶ ነበሩ። በ2016 ወደ 5.4፣ በ2017 ወደ 8.4 ከመቶ ከፍ ብሏል። ለዚህ ውጤት ተማሪው «ዛሬ ነገ ስላለ ነው» ብሎ መደምደም ግፍ ነው። የትምህርት ቤቱ፣ የመምህሩ፣ የመጽሐፉ ነገር ሁሉ አለበት። እኔን የሚያሳስበኝ ቁጥሩ ልጆቹ ልብ ውስጥ የሚሠራው ሥራ ነው። ከመቶ ዘጠና ምናምኑ ወድቋል ሲባል የሰማ ልጅ መጽሐፉን ሲገልጥ ፍርሃቱ እጥፍ ነው። ፍርሃቱ እጥፍ ሲሆን ሽሽቱም እጥፍ ይሆናል። ሽሽቱ ደግሞ ፈተናው ላይ ይታያል። እዚህ አዙሪት ውስጥ የገባን ልጅ «አንብብ!» እያሉ መጮህ ፍርሃቱ ላይ ፍርሃት መጨመር ነው።

አሁን ወደ ከተማችን ልምጣ። የሌላው አገር ቀን አንድ ወጥ ሊሆን ይችላል፣ የድሬ ቀን ግን አይደለም። ሁላችንም የምናውቀው ነው፣ ግን ሥራችንን ስናቅድ እንረሳዋለን።

ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። የደንገጎን ጠመዝማዛ ወጥታችሁ ሐረር ስትደርሱ አየሩ ሌላ ነው፤ እዚህ ግን ከቀኑ 6 ሰዓት በኋላ ሰውነት እምቢ ይላል። በግንቦትና በሰኔ፣ ማለትም ልክ በፈተናው ወራት፣ ከሰዓት ላይ ከ30 ዲግሪ በላይ ይሞቃል። መጋላ ውስጥ ሱቆቹ በራቸውን ይዘጋሉ። ባጃጆቹ ሳይቀሩ ጥላ ፈልገው ይቆማሉ። ከተማዋ እንደገና የምትነቃው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። ይህ ስንፍና ሳይሆን የቦታው ጠባይ ነው፣ ሰዎችም ከዚህ ጠባይ ጋር ከመቶ ዓመት በላይ ኖረዋል። እንግዲህ እዚህ ከተማ ውስጥ «ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብዬ» ብሎ ማቀድ የሌለ ቀን ማቀድ ነው። ለከባድ ሥራ የሚሆነን ጠዋት ሁለት ሦስት ሰዓት ያህል፣ ማታ ደግሞ መብራት ካለ አንድ ሁለት ሰዓት ያህል ነው።

ስለ በርጫም መናገር አለብኝ። በርጫ፣ ማለትም ጫት እየቃሙ አብሮ መቀመጥ፣ የድሬና የሐረር ማኅበራዊ ኑሮ አካል ነው። ወዳጅነት የሚታደስበት፣ ሐሳብ የሚለዋወጡበት ነው። እኔም ተቀምጬበታለሁ። ግን እዚያ ደጋግሜ ያየሁት ነገር ልቤን ይነካዋል። ምርቃናው፣ ማለትም የጫቱ ሞቅታ፣ ሲመጣ ሰው የሚያቅደው ዕቅድ ከልቡ ነው። የተቋረጠውን ዲግሪ መጨረስ፣ ሱቁን ማደስ፣ ጅቡቲ ካለው ዘመድ ጋር ሥራ መጀመር። ሁሉም ጥርት ብሎ ይታያል። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የተባለው ንጥረ ነገር አነቃቂ ስለሆነ፣ በዚያ ሰዓት ፍርሃቱ ዞር ብሏል። ሥራው ቀላል መስሎ የሚታየውም ለዚህ ነው። ችግሩ ያለው ሌሊቱ ላይ ነው። እንቅልፍ እምቢ ይላል። ጠዋት ድብርቱ ይመጣል። ሥራው የተቀጠረው ደግሞ ለዚያ ጠዋት ነበር። ከተማዋ የምትሰጠን ቀዝቃዛና ጥርት ያለ ሰዓት እሱ ብቻ ነው፣ እሱም ይበላል።

የጎረቤቴ ልጅ ቅዳሜና የምርቃና ዕቅድ ለእኔ አንድ ናቸው። ሁለቱም ትልቅ ጅማሬ ይፈልጋሉ። ጅማሬው ትልቅ በሆነ ቁጥር ደግሞ ለሌላ ቀን ይቀጠራል።

አጭር ቁጭታ፣ ማለትም ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ተቀምጦ መሥራት፣ የሚገባው እዚህ ጋ ነው። ብዙዎቻችሁ ፖሞዶሮ የሚለውን ቃል ሳትሰሙት አትቀሩም። ጣሊያንኛ ነው፣ ቲማቲም ማለት ነው። ፍራንቸስኮ ቺሪሎ የተባለ ጣሊያናዊ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ተማሪ ሳለ ማጥናት አቅቶት ነበር። ለራሱ አንድ ጥያቄ አቀረበ፦ «ለ10 ደቂቃ ብቻ የእውነት ማጥናት እችላለሁ?» ለመለካትም ወጥ ቤት ውስጥ ያለውን በቲማቲም ቅርጽ የተሠራ ደቂቃ ቆጣሪ ተጠቀመ። በኋላ ዘዴውን አዳብሮ 25 ደቂቃ ሥራ፣ 5 ደቂቃ እረፍት አደረገው። አራት ዙር ሲሞላ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ የሚደርስ ረዘም ያለ እረፍት አለው። እንግዲህ ዘዴው ይኸው ነው። ስልክ ላይ ብዙ አፕ ተሠርቶለታል፣ አንዱም ግድ አይደለም።

ይህ ተራ ነገር ለምን ይሠራል? ሰዎች ምስጢሩን 25 ቁጥር ላይ ይፈልጉታል። እኔ ግን ምስጢሩ የሚጠየቀው ነገር ማነሱ ላይ ይመስለኛል። «አራት ዓመት የተማርሽውን ከልሺ» የሚለው ትእዛዝ ማንንም ያስፈራል። «20 ደቂቃ እዚች ወንበር ላይ ተቀመጪ» የሚለው ግን አያስፈራም። መጨረስ አይጠየቅም። ጎበዝ መሆንም አይጠየቅም። መቀመጥ ብቻ። ፍርሃቱ መጨረሻ አለው፤ ደወሉ ሲጮኽ ያበቃል። ሰው መጨረሻው የታወቀ ጭንቀትን ይችላል። የማይችለው ልክ የሌለውን ነው።

ሌላው ምክንያት ርቀት ነው። ስቲል እንደሚያስረዳው የአንድ ሥራ ዋጋ በራቀ ቁጥር የሚገፋን ኃይል ይደክማል። የሰኔ ፈተና ጥር ላይ ሩቅ ነው፣ ቲክቶክ ግን አውራ ጣት ሥር ነው። እኩል ትግል አይደለም። 20 ደቂቃ ሠርተሽ ወረቀት ላይ አንድ ምልክት ስታደርጊ ግን ዋጋው ዛሬ፣ አሁን ይከፈላል። ትንሽ ነው፤ ቢሆንም ቅርብ ነው።

ሦስተኛውን እኔ በጣም እወደዋለሁ። ማሪያ ኦቭሲያንኪና የተባለች ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1928 ሰዎችን ሥራ አስጀምራ መሀል ላይ አቋረጠቻቸው። አብዛኞቹ ማንም ሳያዛቸው ወደ ጀመሩት ሥራ ተመለሱ። የተጀመረ ነገር ይጠራል። ያልተጀመረ ግን ዝም ይላል፣ ወይም ያስፈራል። ስለዚህ ደወሉ ሲጮኽ ዓረፍተ ነገሩ መሀል ላይ ብትሆኑም ደግ ነው። ነገ ጠዋት የምትገቡበት በር ክፍት ሆኖ ይጠብቃችኋል።

የራሴን ልንገራችሁ። አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር። ሲያርፍ የእናቴን የተተኪ ጡረታ ጉዳይ እኔ ልጨርስ ተረከብኩ። ወረቀቱ አንድ ክላሰር ውስጥ ነበር። ክላሰሩ ሰባት ወር ቁም ሳጥኑ ላይ ተቀመጠ። እናቴ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቀችኝም፤ አለመጠየቋ ነበር የሚያሳዝነኝ። ሥራ በዛብኝ እል ነበር። እውነቱ ግን ክላሰሩ ውስጥ የመጀመሪያው ገጽ ላይ የአባቴ የወጣትነት ፎቶ ነበር፣ ከዚች ከዚራ ጣቢያ ፊት ለፊት የተነሳው። ያንን መግለጥ ነው ያቃተኝ። በመጨረሻ አንድ ጠዋት ስልኬ ላይ 15 ደቂቃ ሞላሁና «የጎደለውን ወረቀት ብቻ እጽፋለሁ፣ ሌላ ምንም አልሠራም» አልኩ። አለቀስኩ። ዝርዝሩንም ጻፍኩ። አራት ወረቀት ነበር የጎደለው። የቀረው ሦስት ሳምንት የቢሮ ምልልስ ነበር፣ አድካሚ ነው እንጂ አያስፈራም። ሰባት ወር የፈጀው ያ 15 ደቂቃ ነው።

ከዚያ በኋላ ነው የጎረቤቴን ልጅ ቁጭ አድርጌ ያነጋገርኳት። ምክር ላለመስጠት ተጠንቅቄ ነበር። ክላሰሩን ነገርኳት። ከዚያ አብረን አንድ ነገር ሞከርን።

መጀመሪያ ሰዓቱን ቆረጥን። ፒተር ጎልቪትዘር የሚባል ጀርመናዊ የሥነ ልቦና ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1999 የጻፈው ነገር አለ። «አጠናለሁ» ብሎ ከማሰብ ይልቅ «እንዲህ ሲሆን፣ እዚህ ቦታ፣ እንዲህ አደርጋለሁ» ብሎ ቁርጥ ያደረገ ሰው የመፈጸም ዕድሉ ይጨምራል። እ.ኤ.አ. በ2006 ከባልደረባው ጋር 94 ሙከራዎችን ሲገመግም ውጤቱ ጠንካራ ሆኖ ተገኝቷል። ምክንያቱም ሰዓቱ ሲደርስ እንደገና መወሰን አያስፈልግም፤ ውሳኔው ትናንት አልቋል። እኛ ጋ ደግሞ ከተማውን ሁሉ የሚቀሰቅስ ሰዓት አለ፦ የሱብሂ አዛን፣ የንጋቱ የሶላት ጥሪ። እስላም ሆነ ክርስቲያን ድሬ ውስጥ ያልሰማው የለም። «አዛኑ ሲያበቃ ፊቴን ታጥቤ በረንዳው ላይ ያለችው ወንበር ላይ እቀመጣለሁ፣ 20 ደቂቃ እሠራለሁ» ብላ ጻፈች። ንጋት ላይ በረንዳው ቀዝቃዛ ነው። መብራት ቢጠፋም ብርሃን እየመጣ ነው።

ቀጥሎ ስልኩ። ይህ ከሁሉም ያስቸገረን ነው። ዛሬ ሃንድአውቱም፣ የዓምና ጥያቄውም፣ የክፍል ማስታወቂያውም ቴሌግራም ላይ ነው። መጽሐፉና ሌባው አንድ ኪስ ውስጥ ናቸው። «ስልክሽን ዝጊ» ማለት ቀላል ነው፣ ስልኩን ስትዘጋ ግን ትምህርቱም ይዘጋል። ያገኘነው መላ ይህ ነው፦ ማታ ላይ የነገውን አምስት ጥያቄ ከስልኩ ወደ ደብተር በእጅ ትገለብጣለች። ስልኩ እናቷ ክፍል ያድራል። ደወሉ የሚጮኸው ከዚያ ነው። ገንዘብ ሲኖር ደግሞ ፎቶ ኮፒ ቤት ወስዳ ታሳትመዋለች። ማታ መገልበጡ ሌላም ጥቅም አለው። ጠዋት ስትቀመጥ «ከየት ልጀምር?» የሚል ጥያቄ የለም። ብዙ ሰው 20 ደቂቃውን የሚጨርሰው ይህን ጥያቄ ሲያሰላስል ነው።

እረፍቱም ላይ ስልክ አይመከርም። ሶፊ ለርዋ የተባለች ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2009 እንዳሳየችው ሰው ከአንድ ሥራ ወደ ሌላ ሲዞር ሐሳቡ ሙሉ በሙሉ አብሮት አይዞርም፣ ከፊሉ እዚያው ይቀራል። አምስት ደቂቃ ቲክቶክ አይታችሁ ስትመለሱ የምትመለሱት ግማሻችሁ ናችሁ። መነሳት፣ ውኃ መጠጣት፣ ግቢ ውስጥ መዘዋወር ይሻላል።

በእነዚያ 20 ደቂቃዎች ውስጥ ምን እንደሚሠራም ልብ በሉ። መስመር እያሰመሩ ደጋግሞ ማንበብ የተማርን ያስመስላል እንጂ ብዙ አያስቀርም። ሮዲገር እና ካርፒክ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ባደረጉት ሙከራ፣ አንብበው ራሳቸውን የፈተኑ ተማሪዎች ከሳምንት በኋላ ደጋግመው ካነበቡት የበለጠ አስታውሰዋል። ደብተሩን ዘግቶ ጥያቄውን መሞከር፣ መሳሳት፣ ከዚያ መልሱን ማየት። አጭር ሰዓት ላለው ሰው ከዚህ የተሻለ የለም።

ለነጋዴውስ? ታይዋን ገበያ ሱቅ ያለው ወዳጅ አለኝ። ደረሰኙን በፌስታል ያጠራቅማል። ሐምሌ ሲመጣ ፌስታሉን ዘርግፎ ሦስት ሌሊት ያድራል። ስለ 20 ደቂቃው ስነግረው «አቦ፣ አንተ ደግሞ! ደንበኛ ቆሞ እያየኝ ነው ታይመር የምሞላው?» አለኝ። ልክ ነው። ሱቅ ውስጥ 20 ደቂቃ ያልተቋረጠ ጊዜ የለም። ለእሱ የሆነለት ሌላ ነው። ማታ መዝጊያ ላይ፣ መዝጊያውን ግማሽ አውርዶ፣ የዕለቱን ደረሰኝ ብቻ ደብተር ላይ ያሰፍራል። ሰባት፣ ስምንት ደቂቃ ይፈጅበታል። የድሮውን ፌስታል አልነካውም፤ እሱን ቢያስብ ኖሮ የዛሬውንም አይጀምርም ነበር።

ዘዴው ሁሉን አይፈታም። የመመረቂያ ጽሑፍ የመሰለ ሥራ አንዴ ከተሟሟቀ በኋላ ደወል ይረብሸዋል። ያኔ ደወሉን ትቶ መቀጠል ነው፤ 25 ቁጥር ቃል ኪዳን አይደለም። የአንዳንድ ሰው ሥራ የተያዘው ደግሞ ሌላ ሰው እጅ ላይ ነው። አድቫይዘሩ ረቂቁን ሁለት ወር ካልመለሰ ተማሪው ስንት ጊዜ ታይመር ቢሞላ ምን ያደርግለታል? ከሁሉ በላይ፣ ለሳምንታት ምንም ነገር ደስ የማይለው፣ ከአልጋ መነሳት የከበደው፣ እንቅልፉና ምግቡ የተዛባ ሰው ካለ የሱ ጉዳይ ዛሬ ነገ ማለት ላይሆን ይችላል። ድብርት ሕመም ነው፣ ሐኪም ያየዋል። እንዲህ ያለውን ልጅ በደቂቃ ቆጣሪ ማስጨነቅ አይገባም።

አንድ የቀረኝ ነገር አለ፤ ለወላጆች ነው የምለው። ማይክል ዎል፣ ፒቺልና ሌላ ባልደረባቸው እ.ኤ.አ. በ2010 የአንደኛ ዓመት ተማሪዎችን አጥንተው ነበር። ለመጀመሪያው ፈተና ሳያጠኑ ቀርተው ራሳቸውን ይቅር ያሉት ለሁለተኛው ፈተና ማጓተታቸው ቀነሰ። ራሳቸውን ሲወቅሱ የቆዩት እንደዚያ አልሆነላቸውም። መጀመሪያ ሳነበው ተገላቢጦሽ መሰለኝ። እኛ ያደግነው በወቀሳ ነው። «የእገሌ ልጅ እኮ…» እየተባልን። ግን አስቡት፤ ወቀሳው ያን ደብተር የሚያስፈራ ያደርገዋል። ደብተሩን ባየ ቁጥር ጥፋቱን የሚያይ ልጅ ደብተሩን ማየት ያቆማል። ልጃችሁ ሦስት ቀን ዘልሎ በአራተኛው ቀን ቢቀመጥ «አሁን ነው የነቃኸው?» አትበሉት። ሻይ አቅርቡለት፣ በቃ።

የጎረቤቴ ልጅ ከጀመረች ሰባተኛ ሳምንቷ ነው። በሯ ጀርባ ላይ አንድ ወረቀት ለጥፋለች፤ ለእያንዳንዱ ቁጭታ አንድ ሰረዝ። መጀመሪያ ላይ በቀን አንድ ነበር። አሁን ጠዋት ሁለት፣ ማታ አንድ ሆኗል። መሀል ላይ ባዶ ቦታ አለ። ለገሃሬ ዘመድ ሞቶባቸው አምስት ቀን ለቅሶ ቤት ነበሩ። ከዚያ ስትመለስ ባዶውን ቦታ በእርሳስ ከባ «ለቅሶ» ብላ ጻፈችበትና ከሥሩ ቀጠለች። ከካርቶኑ ውስጥ አሥራ አንድ ኮርስ ነበር፣ አራቱን ከልሳ ጨርሳለች። ሰባት ይቀራታል። ለመመረቂያ ጽሑፏም ሦስት ገጽ አላት።

ዛሬ ንጋት ላይ ውኃ ልቀዳ ወጥቼ አየኋት። ነጠላ ተከናንባ በረንዳው ላይ ተቀምጣለች። ቀና ብላ በእጇ ሰላም አለችኝና ተመልሳ አቀረቀረች። ጀሪካኑ እየሞላ ሳለ ደወሉ ከእናቷ ክፍል ጮኸ። እናቷ አጠፉት። እሷ ገጹን ገለጠች።